የማይረጋ ብርሃን፦ በመወለድ ላይ ያሉ ከዋክብትና የ170 ዓመት ክትትል

በ1861 መጸው፣ ኮፐንሃገን ውስጥ ይሠራ የነበረው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሃይንሪሽ ዲአሬስት ቴሌስኮፑን ወደ ሠውር ኅብረ ከዋክብት አዙሮ አንድ ደመና ቢፈልግ አጣው። የጠፋው በከዋክብት መካከል የሚንሳፈፍ የጋዝና የአቧራ ክምችት፣ ኔቡላ የሚባለው ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1852፣ እንግሊዛዊው ጆን ራስል ሃይንድ ለንደን ሬጀንትስ ፓርክ በሚገኘው የጆርጅ ቢሾፕ የግል መመልከቻ ጣቢያ ሆኖ ደመናውን አይቶ ቦታውን መዝግቦ ነበር። (በዚህ ቅኝት ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሃይንድ ደግሞ በዐይኑ የማይታማ ሰው ነው፤ አሥር አስትሮይዶችን ያገኘው የሰማይን ካርታ ነጥብ በነጥብ እያመሳከረ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለውን አየሁ አይልም። ዲአሬስትም ያለውን አላየሁም የሚል አልነበረም።

ሃይንድ ያን ሌሊት ሌላም ነገር አስተውሏል። ከደመናው አጠገብ በካርታዎቹ ላይ ያልተመዘገበ ኮከብ ነበር፤ በኋላ ሲከታተለው ድምቀቱ አንድ ቦታ የማይረጋ ሆኖ አገኘው። ኮከቡ ዛሬ ቲ ታውሪ ይባላል። በታኅሣሥ ምሽት ከአዲስ አበባ ቀና ብሎ ለሚያይ ሠውር ከአናት በላይ ሊባል በሚችል ከፍታ ያልፋል፤ ቲ ታውሪም ከሰባቱ ከዋክብት ብዙ ሳይርቅ እዚያው አለ። በባዶ ዐይን ግን አይታይም፤ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል። ተመራማሪዎች ድምቀትን የሚለኩት በማግኒትዩድ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል፣ የ5 ማግኒትዩድ ልዩነት ደግሞ የ100 እጥፍ ልዩነት ነው። ቲ ታውሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከ10 ገደማ እስከ 14 ገደማ ሲወርድና ሲወጣ ቆይቶ፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ወደ 10 ተጠግቶ ተረጋግቷል።

የደመናው ነገር ግን ቀጠለ። በ1868 በሩሲያ ፑልኮቮ የሚሠራው ኦቶ ስትሩቬ በዚያው አካባቢ ሌላ ደመና አገኘ፤ እሱም ጠፋ፤ እስከ ዛሬም በመዝገብ ላይ «የስትሩቬ የጠፋው ኔቡላ» ተብሎ ይጠራል። በ1890 በርንሃምና ባርናርድ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሊክ ጣቢያ በ91 ሴንቲ ሜትሩ ቴሌስኮፕ ሲመለከቱ፣ በኮከቡ ዙሪያ እጅግ ደብዛዛ የሆነ ጭጋግ አዩ። ደመናው ለካ የትም አልሄደም፤ የተቋረጠበት የሚያበራለት ብርሃን ነበር።

በዚህ ርዕስ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ስመለከት ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር ይሄ ነው። እንደ ቲ ታውሪ ገና በመወለድ ላይ ያለ የአንድ ልጅ ኮከብ ብርሃን በተናጠ ቁጥር ተመራማሪዎች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ኮከቡን ራሱን ነው፤ ምርመራው ሲገፋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ከኮከቡ ዙሪያ ይገኛል። የዘርፉ ታሪክ ዐይን ከነጥቡ ላይ ተነሥቶ ወደ ዙሪያው እስኪሻገር ድረስ የወሰደው ጊዜ ታሪክ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ቀጣዩን ምልክት ያገኘው በኋላ የጽንፈ ዓለምን መስፋፋት በማሳየት ስሙ የገነነው ኤድዊን ሃብል ነው። ያኔ ገና በየርክስ ጣቢያ ተማሪ ነበር። ዊልያም ኸርሼል በ1783 ያገኘውን፣ አር ሞኖሴሮቲስ ከሚባል ኮከብ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ የሚታየውን ኔቡላ ሃብል በተለያየ ጊዜ በተነሡ ፎቶግራፎች አነጻጸረና በ1916 የደመናው መልክ እንደሚለዋወጥ አስታወቀ። ለውጡ በሳምንታት ውስጥ የሚታይ ነው። በዚያ ርቀት ላይ ያለ ግዙፍ ደመና በሳምንታት ውስጥ ቅርጹን ሊቀይር አይችልም፤ ቁስ እንዲህ አይፈጥንም። የሚፈጥነው ጥላ ነው። ከኮከቡ አጠገብ የሚያልፉ የአቧራ ጉንጉኖች ብርሃኑን እየጋረዱ ጥላቸውን በደመናው ላይ ይጥላሉ፤ እኛ የምናየው የጥላውን ጉዞ ነው። ሃብል ለዚህ ደመና የነበረው ፍቅር አልጠፋም መሰል፣ በፓሎማር ተራራ የተተከለው የ5 ሜትር ቴሌስኮፕ ጃንዋሪ 26 ቀን 1949 የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ሲያነሣ የተመረጠው ይኸው ደመና ነበር።

ሃብል ገና ተማሪ በነበረበት ዘመን አካባቢ በሃርቫርድ ሌላ ዓይነት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ጫጫታ የሌለው፣ ክፍያውም ያነሰ። በሰዓት 30 ሳንቲም የሚከፈላት ሄንሪዬታ ሌቪት የመስተዋት ፎቶግራፎችን አንዱን በሌላው ላይ እየደረበች የሚለዋወጡ ከዋክብትን ትለቅም ነበር። በኦሪዮን ኔቡላ ውስጥ ብዙ አገኘች። ዓለም የሚያውቃት የማጀላን ደመናዎች በሚባሉት ጋላክሲዎች ላይ በሠራችው ሥራ ነው፤ የኦሪዮኖቹ ተለዋዋጮች ግን ሥርዓት የሌላቸው፣ ቀመር የማይወጣላቸው ስለሆኑ ለረጅም ጊዜ የሚፈልጋቸው አልተገኘም። «የኔቡላ ተለዋዋጮች» የሚል ስም ተሰጣቸውና እዚያው ቀሩ።

አልፍሬድ ጆይ ከዚያ አወጣቸው። ጆይ ከ1904 እስከ 1914 ቤይሩት በሚገኘው የዛሬው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ፈለክ ሲያስተምር ቆይቶ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ አገሩ ተመልሶ በማውንት ዊልሰን የከተመ ሰው ነው። በ1945 ያሳተመው ጽሑፍ 11 ከዋክብትን አንድ ላይ ሰብስቦ ለቤተሰቡ ስም አወጣለት፦ የቲ ታውሪ ተለዋዋጮች። የሚያመሳስሏቸውን ምልክቶችም ዘረዘረ። ድምቀታቸው ያለ ሥርዓት እስከ 3 ማግኒትዩድ ይለዋወጣል፤ ብዙ ብርሃን የላቸውም፤ ከጨለማ ወይም ከብሩህ ደመና አይለዩም፤ ብርሃናቸው በቀለማት ሲዘረዘር ደግሞ ደማቅ መስመሮች ይታዩበታል፣ ልክ በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ለጥቂት ሰከንዶች በፀሐይ ጠርዝ ላይ ከሚታየው ስስ ሽፋን እንደሚወጡት፣ ግን እጅግ የጎሉ።

ታዲያ እነዚህ ምንድን ናቸው? ዛሬ መልሱ ግልጽ ስለሚመስለን ያኔ የነበረውን ግራ መጋባት እንዘነጋለን። ብዙዎች የገመቱት ከዋክብቱ እንደ ሌሎቹ ያረጁ እንደሆኑ፣ በመንገዳቸው ላይ አቧራማ ደመና ስለገጠማቸውም ከደመናው ጋር እየተጋጩ እንደሚታወኩ ነበር። ግምቱ የሞኝ ግምት አልነበረም። ደመናና ኮከብ አንድ ላይ ከታዩ አንዱ እንግዳ ሌላው ባለቤት ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ኮከቡ ከደመናው ተወለደ ለማለት ግን ከዋክብት ዛሬም እየተወለዱ ነው የሚለውን ሐሳብ መቀበል ያስፈልጋል። በ1940ዎቹ ይህ ገና ያልተለመደ ነበር።

ወደዚያ በድፍረት የተሻገረው አርመናዊው ቪክቶር አምባርቱምያን ነው። በአራጋትስ ተራራ ግርጌ የብዩራካን ጣቢያን የመሠረተ ሰው ነው። በ1947 ያነሣው ክርክር ውበቱ ቀላልነቱ ነው። የቲ ታውሪ ዓይነት ከዋክብት በቡድን በቡድን ሆነው ይታያሉ፤ ቡድኖቹ ግን እጅግ የሳሱ ስለሆኑ በስበት ተያይዘው ሊቆዩ አይችሉም። ሊበተኑ የሚገባቸው ከዋክብት ገና ሳይበተኑ ከተገኙ፣ ብዙ ጊዜ አልኖሩም ማለት ነው። ዕድሜያቸው በሚሊዮኖች እንጂ በቢሊዮኖች አይቆጠርም። ይሁንና አምባርቱምያን ከዋክብት ከደመና ሳይሆን እጅግ ከታመቀ፣ ማንም ካላየው ቁስ ፈንድተው ይወጣሉ ብሎ ያምን ነበር፤ ከዚህም እምነቱ አልተመለሰም። ዕድሜውን በትክክል የተናገረው ሰው ምንጩን ስቷል። ሳይንስ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት እንደሚያስታውስ አያውቅም፤ ግማሹን ያከብራል፣ ግማሹን ይተዋል።

ማስረጃው ከዚያ በኋላ እየተግተለተለ መጣ። በ1956 ሜርል ዎከር ኤን ጂ ሲ 2264 በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ደብዛዞቹ ከዋክብት ለሙቀታቸው ከሚገባው በላይ ደማቅ እንደሆኑ አሳየ፤ ገና ያልጠበቡ፣ የሚኮማተሩ ናቸው ማለት ነው። በከዋክብቱ ብርሃን ውስጥ የሊቲየም ምልክት በብዛት ተገኘ፤ ሊቲየም በኮከብ ሆድ ውስጥ ሙቀቱ 2.5 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሚቃጠል ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ መኖሩ የልጅነት ማስረጃ ነው። በ1961 ጃፓናዊው ቹሺሮ ሃያሺ እንዲህ ያለ ኮከብ እየተኮማተረ የሚሄድበትን መንገድ አሰላ። ልጅ ኮከብ እንደ ፀሐይ ሃይድሮጅን እያቃጠለ አያበራም፤ የሚያበራው በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ እየጠበበ ነው። ፀሐይም በዚህ መንገድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት አሳልፋለች።

ዕድሜያቸው ታወቀ። ለምን እንደሚናጡ ግን ገና አልታወቀም፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆየት ማለት ይገባል፣ ምክንያቱም መልሱን ያመጣው ከሁሉ የከፋው መናጥ ነው።

በ1936 መጨረሻና በ1937 መጀመሪያ በኦሪዮን አካባቢ ያለ፣ ድምቀቱ 16ኛ ማግኒትዩድ የነበረ ማንም የማያውቀው ኮከብ በወራት ውስጥ ወደ 10ኛ ማግኒትዩድ ወጣ። ይህ 250 እጥፍ ገደማ ነው። ሃምቡርግ በርግዶርፍ የሚሠራው አርኖ ዋክማን በ1939 ዘገበው። መጀመሪያ ቀስ ብሎ የሚፈነዳ ኖቫ ነው ተባለ። ኖቫ ግን ፈንድቶ ይደበዝዛል፤ ይህ ኮከብ፣ ኤፍ ዩ ኦሪዮኒስ፣ አልደበዘዘም። ዓመታት አለፉ፣ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም ከደረሰበት ከፍታ ብዙም አልወረደም። አንድ ብቻ እስከሆነ ድረስ ማንም ሕግ ሊያወጣለት አልቻለም። የሊክ ጣቢያው ጆርጅ ኸርቢግ በ1966 ስለዚህ ኮከብ ሲጽፍ፣ የአንድ ልጅ ኮከብ የዕድገት ምዕራፍ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር፤ ግን ሁለተኛ ምስክር አልነበረውም።

ምስክሩ በሦስት ዓመት ውስጥ መጣ። በ1969 በሲግነስ ኅብረ ከዋክብት ያለ አንድ ኮከብ በተመሳሳይ መንገድ ከ16 ወደ 10 ወጣ፤ ቪ 1057 ሲግኒ ተባለ። ዕድሉ ያማረው እዚህ ላይ ነው። ኸርቢግ ራሱ ከፍንዳታው ከብዙ ዓመት በፊት፣ በ1950ዎቹ፣ በደማቅ መስመራቸው የተለዩ ደብዛዛ ከዋክብትን ሲመዘግብ ይህንኑ ኮከብ አንሥቶት ነበር። ከፍንዳታው በፊት ያለው መልኩ የተራ ቲ ታውሪ ኮከብ መልክ ነበር። ማንም ሊያቅደው በማይችል መንገድ «በፊት» እና «በኋላ» እጅ ገቡ። ኤፍ ዩ ኦሪዮኒስ እንግዳ ፍጡር አይደለም፤ ተራ ልጅ ኮከብ የሚደርስበት ነገር ነው።

ኮከቡ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የደመቀው? የኸርቢግ መልስ ከኮከቡ ውስጥ ነበር፤ በ1985 ሊ ሃርትማንና ስኮት ኬንየን ያቀረቡት መልስ ግን ጥያቄውን ራሱን ገለበጠው። የደመቀው ኮከቡ አይደለም አሉ፤ የደመቀው በዙሪያው የሚሽከረከረው የጋዝና የአቧራ ዲስክ ነው። ኮከቡ በዲስኩ ብርሃን ተውጦ ከናካቴው አይታይም። ማስረጃቸው ብልሃት አለበት። የኤፍ ዩ ኦሪዮኒስ ብርሃን በሚታየው ቀለም ሲመረመር የአንድ ሞቃት ኮከብ ይመስላል፣ ዐይን በማያየው የሙቀት ብርሃን፣ በኢንፍራሬድ፣ ሲመረመር ግን የቀዝቃዛ ኮከብ፤ ሽክርክሪቱም በሚታየው ብርሃን ሲለካ ፈጣን፣ በኢንፍራሬድ ሲለካ ዘገምተኛ ነው። አንድ ኮከብ አንድ ሙቀትና አንድ ሽክርክሪት ነው ያለው። ዲስክ ግን ከውስጥ ሞቃትና ፈጣን፣ ወደ ውጭ ቀዝቃዛና ዘገምተኛ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ልኬት እውነት ሊሆን ይችላል።

የዲስኩ ሐሳብ ከሰማይ አልወረደም። በ1966 ሜክሲኳዊው ኤውሄኒዮ ሜንዶሳ ቲ ታውሪ ከዋክብት ከሚጠበቀው በላይ የኢንፍራሬድ ብርሃን እንደሚያወጡ ለክቶ ነበር፤ ሞቅ ያለ አቧራ በዙሪያቸው አለ ማለት ነው። በ1974 ደግሞ ዶናልድ ሊንደን ቤልና ጂም ፕሪንግል ቁስ በዲስክ ውስጥ እየተፋተገ ወደ መሃል እንዴት እንደሚወርድ ያሰሉበትን ጽሑፍ አሳተሙ። ያ ስሌት ዛሬ በጥቁር ጉድጓዶች ዙሪያ ላሉ ዲስኮች መሠረት ሆኖ ነው የሚታወቀው፤ በርዕሱ ላይ የሰፈሩት ግን የኔቡላ ተለዋዋጮች ናቸው። ሌቪት ስትለቅማቸው የኖረችው፣ ማንም የማይፈልጋቸው እነዚያው ከዋክብት!

ወደ አኃዙ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ተራ ቲ ታውሪ ኮከብ ከዲስኩ የሚወስደው ቁስ በዓመት የፀሐይ ክብደት አንድ መቶ ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ኤፍ ዩ ኦሪዮኒስን የመሰለ ኮከብ ግን በዓመት እስከ አሥር ሺኛ ሊወስድ ይችላል። በአንድ መቶ ዓመት ፍንዳታ ውስጥ የአሥር ጁፒተር ያህል ቁስ ገባ ማለት ነው። በ1990 ኬንየንና ባልደረቦቹ በሠውር ደመናዎች ውስጥ ገና በደመናቸው የተጠቀለሉ ጽንስ ከዋክብትን ቆጥረው ብርሃናቸው ሊሆን ከሚገባው አሥር እጥፍ ገደማ አንሶ አገኙት። አንድ ኮከብ ባለው ጊዜ ውስጥ ባለው ክብደት ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው አመጋገብ ቢሰላ፣ ከዚያ እጅግ የበለጠ ሊያበራ ይገባል። የጎደለው ብርሃን የት ሄደ? ከሚሰጡት መልሶች የሚያሳምነው ከዋክብት በእኩል መጠን አይመገቡም የሚለው ነው፤ ረጅም ጾምና አጭር ፍስክ ነው ኑሯቸው። ስንቆጥራቸው አብዛኞቹ ጾም ላይ ናቸው። የኸርቢግ ብርቅ ፍንዳታም የልደት ዋና ሥራ ሊሆን ይችላል።

ይህ ትልቁ መናጥ ነው። ትንንሾቹ፣ በየቀኑና በየሳምንቱ የሚታዩት፣ ሌላ መንገድ ነበራቸው። በ1980ዎቹ አንዳንድ ቲ ታውሪ ከዋክብት ሥርዓት ባለው ዙር፣ በጥቂት ቀናት ልዩነት እንደሚደበዝዙና እንደሚደምቁ ታወቀ። እንደ ፀሐይ ያለ ነጠብጣብ አለባቸው፤ ኮከቡ ሲሽከረከር ነጠብጣቡ ይመጣል፣ ይሄዳል። የፀሐይ ነጠብጣቦች ግን ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ኢምንት ናቸው። መግኔታዊ መስካቸው ሲለካ በሺዎች የሚቆጠር ጋውስ ሆኖ ተገኘ፤ የምድር መስክ ግማሽ ጋውስ ገደማ ነው። በ1990ዎቹ መግቢያ ከዚህ በመነሣት፣ ቀድሞ ለኒውትሮን ከዋክብት የታሰበ ሐሳብ ወደ ልጆቹ ከዋክብት መጣ። መስኩ ጠንካራ ከሆነ ዲስኩ ኮከቡን አይነካውም፤ ጥቂት የኮከብ ራዲየስ ሲቀረው ይቆማል። ጋዙ ከዚያ ወዲያ በመግኔታዊ መስመሮች ላይ እየተንሸራተተ በሴኮንድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ በኮከቡ ዋልታዎች አጠገብ ይወድቃል። የሚወድቅበት ቦታ ይግላል፤ ከቀሪው ገጽ ይልቅ እጅግ ይደምቃል። ስለዚህ በአንድ ኮከብ ላይ ቀዝቃዛ ጥቁር ነጠብጣብም፣ የሚነድ ብሩህ ነጠብጣብም ይኖራል። የመጀመሪያው ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ የሁለተኛው ድምቀት ከሰዓት ሰዓት ይለያያል፣ ምክንያቱም የሚወርደው ቁስ እኩል አይወርድም።

ቀሪው የጥላ ሥራ ነው። በክራይሚያ የሚሠራው ቭላዲሚር ግሪኒን ዩ ኤክስ ኦሪዮኒስ የሚባለውንና መሰሎቹን ሲከታተል አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ኮከቡ መደብዘዝ ሲጀምር እንደሚጠበቀው ይቀላል፤ እጅግ ሲደበዝዝ ግን መልሶ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ብርሃኑም ይበልጥ ፖላራይዝድ ይሆናል (ሞገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል)። የአቧራ ጉማጅ ኮከቡን ሙሉ በሙሉ ሲሸፍነው፣ ቀጥታ የሚመጣው ብርሃን ይቀርና ከዲስኩ ተንጸባርቆ የሚመጣው ብቻ ይተርፋል፤ የዚያ ቀለም ሰማያዊ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ዲስኩ ጎልቶ የሚታየን ኮከቡ ሲጨልም ነው። ኤ ኤ ታውሪ ደግሞ ሥርዓት ያለው ይመስል ነበር፤ በየ8.2 ቀኑ ይደበዝዛል። ዤሮም ቡቪዬና ባልደረቦቹ በ1999 የሰጡት ማብራሪያ የዲስኩ ውስጠኛ ጠርዝ በመግኔታዊ መስኩ ተጎብጦ በዞረ ቁጥር ይጋርደዋል የሚል ነበር። ኮከቡ የዚህ ዓይነት መማሪያ ምሳሌ ሆነ። በ2011 ግን ወደ 2 ማግኒትዩድ ያህል ደበዘዘና ለዓመታት እንደዚያው ቀረ። ከዲስኩ ራቅ ካለ ቦታ ሌላ ግርዶሽ መጥቶበታል። የመማሪያ ምሳሌዎች ይህን የማድረግ ልማድ አላቸው፤ ራሱ ቲ ታውሪ እንኳ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኢንፍራሬድ ሲታይ በተራ ብርሃን ፈጽሞ የማይታይ ጓደኛ ተገኘበት፣ ቆይቶም ጓደኛው ራሱ ሁለት ሆነ።

ከምድር የሚደረግ ክትትል አንድ ሕመም አለው፤ ቀን ይመጣል፣ ደመና ይመጣል፣ መዝገቡም ይቆራረጣል። ኮሮት የተባለው የፈረንሳይ ሳተላይት ይህን ቀረፈ። በዲሴምበር 2011 ኮሮትና የናሳው የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ ስፒትዘር ለሳምንታት በአንድነት ዎከር ያጠናውን ያንኑ ኤን ጂ ሲ 2264ን ተመለከቱ። በ2014 አን ሜሪ ኮዲና ባልደረቦቿ ከ160 በላይ የሆኑ ባለ ዲስክ ከዋክብትን መዝገብ ለይተው አወጡ። አንዳንዶቹ ድንገት እየጨለሙ የሚመለሱ፣ አንዳንዶቹ ድንገት እየደመቁ የሚረጉ፣ ሌሎቹ በዙር የሚሄዱ፣ ሌሎቹ ደግሞ ምንም መላ የሌላቸው ናቸው። ለእኔ ትልቁ ግኝት ግን ምደባው አይደለም። ብዙ ከዋክብት በሚታይ ብርሃንና በኢንፍራሬድ በአንድ ጊዜ ሲለኩ ሁለቱ መዝገቦች አይገጥሙም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ዝም ይላል። ኮከቡና ዲስኩ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መናጥ አላቸው። ጆይ በ1945 «ሥርዓት የለሽ» ያለው ብዙ ሥርዓት በአንድ ነጥብ ላይ ተደራርቦ ነበር።

ሳተላይት ባለበት ዘመን ተራ ሰው ቦታ የለውም ብሎ ለሚያስብ ደግሞ፦ በጃንዋሪ 2004 በኬንታኪ የሚኖረው አማተር ጄይ ማክኒል በ76 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ የሜሲዬ 78 ኔቡላን አካባቢ ፎቶግራፍ ሲያነሣ በካርታ የሌለ ደመና አገኘ። በደመናው ጫፍ ያለው ልጅ ኮከብ ፈንድቶ አካባቢውን አብርቶታል። ባለሙያዎች ወደ ኋላ ሲፈልጉ በ1966 በተነሣ ሌላ የአማተር ፎቶግራፍ ላይ ያው ደመና በርቶ ተገኘ። ኮከቡ ከ2004 ፍንዳታ በኋላ ደበዘዘ፤ በ2008 መልሶ ተነሣ። እንደ ኤፍ ዩ ኦሪዮኒስ ለመቶ ዓመት አይቆይም፣ እንደ ትንንሾቹም በወራት አያበቃም፤ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ለእንደዚህ ያለው እስካሁን የሚያረካ ስም አልተገኘለትም።

ይህ ሁሉ ብርሃን የሚቆጥሩ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ ቅኝቱን እዚህ በጨረስኩት። ነገር ግን ፍንዳታው የሚነካው ፕላኔቶች የሚሠሩበትን ቁስ ነው። በ2008 መጀመሪያ ኢ ኤክስ ሉፒ የተባለው ኮከብ 100 እጥፍ ገደማ ደመቀ። ሃንጋሪያዊው ፔተር አብራሃምና ባልደረቦቹ ስፒትዘር ከፍንዳታው በፊትና በፍንዳታው ጊዜ የለካውን ሲያነጻጽሩ፣ ቀድሞ ቅርጽ አልባ የነበረው የዲስኩ አቧራ ገጽ ላይ ፎርስተራይት የሚባለው ማዕድን ክሪስታል ምልክት ወጥቶ አዩ፤ በ2009 አሳተሙት። ድንጋይ በሙቀት ሲለወጥ፣ በሥራ ላይ እያለ፣ ታየ ማለት ነው። ይህን አጓጊ የሚያደርገው በእኛ ሥርዓተ ፀሐይ ጅራታም ከዋክብት ውስጥ እንዲህ ያለ ክሪስታል መገኘቱ ነው። ጅራታም ኮከብ በቅዝቃዜ ውስጥ የተሠራ ነገር ነው፤ ክሪስታሉ ግን እሳት አይቷል። የእኛ ፀሐይም በልጅነቷ እንዲህ ፈንድታ ይሆናል የሚለው ግምት ከዚህ ይነሣል።

ከዚያም በላይ ውኃ አለ። በልጅ ኮከብ ዲስክ ውስጥ ውኃ ከእንፋሎት ወደ በረዶ የሚለወጥበት ድንበር ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት ሦስት እጥፍ ገደማ ላይ ይጠበቃል። በ2016 ሉካስ ሲዬሳና ባልደረቦቹ በቺሊ አታካማ በረሃ ባለው አልማ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ፍንዳታ ላይ ያለውን ቪ 883 ኦሪዮኒስን ሲመለከቱ ድንበሩን ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት 40 እጥፍ ገደማ ላይ አገኙት። ፍንዳታው በረዶውን ወደ እንፋሎት ለውጦ ድንበሩን ገፍቶታል። ፍንዳታው ሲያበቃ ድንበሩ ይመለሳል፤ በረዶውም ዳግም በአቧራው ላይ ይሠፍራል። ፕላኔት በእርጋታ ተሠራ የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል እንዲህ ባለ ወደ ፊት ወደ ኋላ እንዴት እንደሚቃኝ ገና ብዙ ሥራ አለ።

ፍንዳታውን የሚያስነሣው ምንድን ነው? ዲስኩ በራሱ ክብደት ተሰባብሮ ጉማጁ ሲወድቅ ነው የሚሉ አሉ፤ አጠገቡ የሚያልፍ ሌላ ኮከብ አናግቶት ነው የሚሉም፤ በዲስኩ ውስጥ የተከማቸ ቁስ ግድቡን ሲጥስ ነው የሚሉም። በ2018 የተዘገበው ጋያ17ቢፒአይ የተባለው ፍንዳታ በኢንፍራሬድ የጀመረው በሚታይ ብርሃን ከመድመቁ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ነበር። ንቅናቄው ከውጭ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ተጓዘ ማለት ነው፤ ለዚህ ኮከብ ቢያንስ መነሻውን ከኮከቡ ገጽ መፈለግ ከንቱ ነው። ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ ደግሞ በሃዋይ ያለው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ቴሌስኮፕ በደመና የተጠቀለሉትን ጽንሶች በሰብሚሊሜትር ሞገድ በየወሩ ሲከታተል ቆይቷል፤ ኢሲ 53 የተባለው ጽንስ በየ18 ወሩ ገደማ እንደሚደምቅ በዚህ ክትትልም ታይቷል። በየጊዜው የሚያናውጠው በዲስኩ ውስጥ የተደበቀ ጓደኛ ሊሆን እንደሚችል ይገመታል።

በቺሊ የተሠራው የቬራ ሩቢን ጣቢያ በጁን 2025 የመጀመሪያ ፎቶግራፎቹን አሳይቷል፤ የደቡቡን ሰማይ በየጥቂት ሌሊቱ እየደጋገመ ለአሥር ዓመት እንዲያነሣ ታቅዷል። አሥር ዓመት ለትንንሾቹ መናጥ ብዙ ነው፤ ለኤፍ ዩ ኦሪዮኒስ ወንድሞች ግን ምንም አይደለም። አንድ ኮከብ በሁለት ፍስክ መካከል ስንት ሺህ ዓመት እንደሚጾም ለማወቅ ያለው መንገድ ብዙ ከዋክብትን ለረጅም ጊዜ ማየት ብቻ ነው፤ ረጅሙ መዝገብ ደግሞ ያለው በመስተዋት ላይ ነው። ሌቪት ትሠራበት የነበረው የሃርቫርድ ስብስብ፣ ከ400 ሺህ በላይ ሳህኖች፣ በ2024 ወደ ዲጂታል ተገልብጦ አልቋል። ሩቢን ነገ አንድ ልጅ ኮከብ ሲፈነዳ ቢያይ፣ ኮከቡ ከመቶ ዓመት በፊት ምን ይመስል እንደነበር መጀመሪያ የሚፈለገው እዚያ ነው።